ለመሆኑ ደንቆሮው ማን ነው?

አማርኛችን ሀብታም ቋንቋ ነው እንላለን። እውነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ያለ ቅጥ ቆጥቧል። ጆሮው የማይሰማውንም፣ ጭንቅላቱ የማይሠራውንም ሰው በአንድ ቃል ጠቅልሎ «ደንቆሮ» ይለዋል። ያልተማረው ደንቆሮ ነው። ምክር የማይገባው ግትር ደንቆሮ ነው። ኩፍኝ ወይም ማጅራት ገትር ጆሮውን የነጠቀው ምስኪን ሕፃንም ደንቆሮ ነው! በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከአገር ይጥፋ የተባለው ጠላት ስሙ «ድንቁርና» ነበር። ፊደል የቆጠረ፣ መጽሐፍ የሚያነብ፣ ነገር ግን ጆሮው የማይሰማ ኢትዮጵያዊ ያን ጊዜ ምን ተሰምቶት ይሆን? የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን የማነሳው ቃላት ለመሰንጠቅ አይደለም። ስሙ የተለጠፈብኝ ሰው ስለሆንኩ ነው። የግራ ጆሮዬ ከሞላ ጎደል ሥራ አቁሟል፤ ቀኙም አንድ ቀን እየሠራ አንድ ቀን እያመፀ አለሁ ይላል። በሽታው ሜኒየር ይባላል። የፈረንጅ እግር ኳስ ተጫዋች ስም ይመስላል እንጂ የፈረንሳይ ሐኪም ስም ነው። ፕሮስፔር ሜኒየር በፓሪስ መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ሐኪም ነበር። በእሱ ዘመን አንድ ሰው ድንገት ዞሮት ሲወድቅና ሲያስመልሰው ሐኪሞቹ «ደም ወደ አንጎሉ ወጥቶ ነው» እያሉ ያደሙት፣ አልቅት ያጣብቁበት ነበር። ሜኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 ተነሥቶ «የለም፣ ጥፋቱ የአንጎል ሳይሆን የውስጥ ጆሮ ነው» አለ። በቀጣዩ ዓመት ሞተ፤ ስሙ ግን በበሽታው ላይ ቀረ።

ጆሮ ማለት፣ ወገኖቼ፣ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። አንዱ መስማት ነው፤ ሌላው ሰውን ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ከውስጥ በአጥንት የተከበበ ትንሽ ጓዳ አለ። ቀንድ አውጣ የሚመስለው ክፍል ድምፅ ይቀበላል፤ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ደግሞ ራሳችን ወዴት እንደዞረ ለአንጎል ይነግራሉ። በሁለቱም ውስጥ ፈሳሽ አለ። በሜኒየር በሽታ ይህ ፈሳሽ ከልኩ በላይ ይጠራቀማል። ለምን? ሳይንስ እስከ ዛሬ ቁርጡን አልተናገረም። ሲጠራቀም የሚያደርገውን ግን እኔ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጆሮዬ ውኃ የገባበት ያህል ይደፈናል። ቀጥሎ በውስጡ የወፍጮ ቤት ሞተር ይነሣል። ከዚያ ምድር ትዞራለች። «ራሴን አዞረኝ» ስንል የለመድነው ዓይነት አይደለም፤ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ አልጋው ተያይዘው ይሽከረከራሉ። ዓይን ቢጨፈን አይቆምም፤ ቢከፈት ይብሳል። አንጀት እስኪገለበጥ ያስመልሳል። ሐኪሞች አንዱ አዙሪት ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ጫፍ አይቼዋለሁ። አዙሪቱ ሲያልፍ ሞተሩ ይቀራል። በየጊዜውም ከመስማት ኃይል ትንሽ ቀንሶ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚወስደው ወፍራሙን፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ ነው። የሴቶችንና የልጆችን ወሬ እየሰማሁ የወንዶቹ ሲጠፋብኝ፣ ጓደኞቼ «እሱ እኮ የሚሰማው ሴት ስታወራ ነው» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በሽታው አይገድልም። አሰልቺ ነው እንጂ ይኖሩበታል። የሚገድለው ሌላ ነው። የሚገድለው በዙሪያችን ያለው ጆሮ ያለው ሰው አለመስማቱ ነው።

አንድ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አዙሪቱ ያዘኝና ተዘረርኩ። የሰማኋቸውን ልቁጠርላችሁ። አንዱ «በጠራራ ፀሐይ ጠጥቶ!» አለ። ሌላው «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት ጫሩና አሽትቱት!» አለ። አንዲት እናት «ለክፎት ነው፣ ጠበል ውሰዱት» አሉ። ያነሣኝ ማን ነበር? አንድ ሊስትሮ። ምንም ሳይናገር ደግፎ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠኝና ጃንጥላ ያዘልኝ። ሕክምና አልተማረም። ሰው መሆኑ በቃው።

የተማሩት ዘንድ የገጠመኝን ደግሞ ስሙ። ስሙን በማልጠቅሰው የሕክምና ተቋም፣ በጆሮ ክፍሉ በር ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጬአለሁ። ተራ የሚደርሰው በምን መሰላችሁ? በስም ጥሪ! ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውስጥ ዞራ ስም ትጠራለች። በጆሮ ክፍል እኮ ነው! ስድስት ሰዓት ሲሆን ገብቼ ጠየቅሁ።

«ሦስት ጊዜ ጠራንዎ፣ የት ሄደው ነው?» አለችኝ።

«እዚሁ በሩ ሥር ነኝ፣ እህቴ።»

«ታዲያ አይሰሙም እንዴ?»

«ብሰማማ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ካርዴ ግን ወደ ማግስቱ ተላለፈ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ፣ አልቤርጎ ይዞ የሚጠባበቅ ሰው ቢሆንስ? ልጅቷን መውቀሴ አይደለም፤ በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍባት አይቻለሁ። የምወቅሰው አሠራሩን ነው። አንዳንድ ባንኮች የተራ ቁጥር በሰሌዳ ላይ ማብራት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ገንዘብ ለሚያስቀምጥ ሰው የተቻለው ለታማሚ እንዴት ተሳነ? ሰሌዳው ቢጠፋ አንድ ቁራጭ ካርቶንና አንድ ማርከር ይጠፋል?

መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ቲያትር ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሒሳብ በዓይንና በእጅ ነው የሚሠራው፤ ጆሮ አይፈልግም። አንድ የበላዬ የነበረ ሰው ግን በኮሪደር እየሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ትእዛዝ መወርወር ልማዱ ነበር። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «የተሰጣቸውን ትእዛዝ ባለመስማታቸው»። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰው ሳያውቀው የሐኪም ማስረጃ ነው የጻፈልኝ! ደብዳቤውን መጻፍ ከቻለ ትእዛዙንስ በጽሑፍ መስጠት ምን ከለከለው? በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠረጴዛዬን አዞረችልኝ። ደህናው ጆሮዬ ወደ በሩ፣ ፊቴ ወደ ሰው ሆነ። ወጪው ዜሮ ብር ከዜሮ ሳንቲም። ችግሩም በግማሽ ቀለለ።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው አድልዎ እንዳያደርግና የሥራ ቦታውን ለሠራተኛው እንዲያመቻች ያስገድዳል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች። አያችሁ? ወረቀቱ ሞልቷል። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ግን እንደ ጎማ ትለጠጣለች። ለአዳራሽ ምንጣፍ፣ ለድግስ፣ ለባነር አቅም ይፈቅዳል፤ ለቁጥር ሰሌዳ ሲሆን አይፈቅድም።

«ለመስማት የተሳናቸው እኮ በቴሌቪዥን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አለ» የሚለኝ አይጠፋም። መልካም ነው፣ ይስፋ፣ ይብዛ እላለሁ። የእኔ ዓይነቱ ግን በአርባና በሃምሳ ዓመቱ የደከመ ጆሮ ይዞ የቀረ ሰው ነው። የምልክት ቋንቋ አያውቅም፤ የሚሰማውም አይሰማም። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይኸው ነው። ለእኛ ከሥር የሚሄድ ጽሑፍ ነው የሚያስፈልገን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ አገሩ ሁሉ አፉን ሲሸፍን ብዙዎቻችን ጨርሰን ነው ከዓለም የተቆረጥነው፤ ከሰው ንግግር ግማሹን የምናገኘው ከከንፈር ላይ ነበርና።

መድኃኒቱስ? የሚያድን የለም፤ የሚያስታግስ አለ። ሐኪሙ «ጨው ቀንስ፣ ቡና ቀንስ» ይላል። አስቡት! ይህ ለአዲስ አበባ ሰው «ከጎረቤት ጋር ተቆራረጥ» እንደማለት ነው። አቦሉን ጠጥቼ ቶናና በረካውን በማየት እየተሸኘሁ ነው። ፈሳሽ የሚያስወጣ ክኒን ይታዘዛል፤ ቤታሂስቲን የሚባል መድኃኒትም አለ። ይኼኛው አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ «ዶላር የለም፣ አልገባም» ይባላል። ያን ጊዜ እያዞረኝ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት እዞራለሁ። ለመስማት የሚረዳው መሣሪያ ደግሞ ለአንድ ጆሮ ብቻ የብዙ ወር ደመወዜን ይጠይቃል። የባትሪው ሩጫ ለብቻው ነው።

የእኔ በሽታ ልትከላከለው የምትችል አይደለም። ጉዳዩን ከራሴ አውጥቼ ለጋዜጣ ያበቃሁት ግን ልንከላከለው የምንችለው መደንቆር ስለሚበዛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰው የመስማት ጉድለት አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 430 ሚሊዮኑ እርዳታ ይሻል። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉድለት 60 በመቶ ያህሉ መከላከል የሚቻል ነው። ልብ በሉ፣ 60 በመቶ! የሚመግል ጆሮ በጊዜ ቢታከም፣ የኩፍኝና የማጅራት ገትር ክትባት ቢዳረስ የሚተርፍ ጆሮ ነው። እኛ ግን ለሚመግል ጆሮ የሞቀ ዘይት እናንቆረቁራለን። ኩክ ለማውጣት ክብሪት፣ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን እንከታለን። ልጅ ሲያጠፋ ጆሮ ግንዱን በጥፊ እንላለን፤ የጆሮ ታምቡር በጥፊ ይቀደዳል እኮ! ከዚያ ልጁ በክፍል ውስጥ ሲጠየቅ ዝም ሲል «ደንቆሮ!» ይባላል። አደንቁረን ስናበቃ ስም እናወጣለን።

መድኃኒትም ያደነቁራል። ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲን፣ ጀንታማይሲን የሚባሉት መርፌዎች ነፍስ ያተርፋሉ፤ ነገር ግን የውስጥ ጆሮን ስስ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላሉ፤ እነዚህ ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጀንታማይሲን ይህን በማድረግ የታወቀ ስለሆነ፣ ሜኒየር ለጠናበት ሰው አዙሪቱን ለማስቆም ሲባል ታስቦበት ጆሮ ውስጥ የሚወጋበት ጊዜ አለ። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ በመርፌ ፈንታ የሚዋጥ መድኃኒት እንዲቀድም የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ መርፌ ሲታዘዝላችሁ «ጆሮዬን ይነካል ወይ? ምርመራስ ይደረግልኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጩኸቱን ደግሞ ማን ይናገረው? በ80 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በሳምንት 40 ሰዓት መቆየት ጆሮን አይጎዳም ተብሎ ተለክቷል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ግን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ከተማችንን እዩዋት። ሙዚቃ ቤቱ ሞንታርቦውን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ይለቃል። ሎተሪ ሻጩ በመኪና፣ ማስታወቂያ ነጋሪው በመኪና፣ ሠርገኛው በጥሩምባ ይጮኻሉ። ሌሊቱ የጭፈራ ቤቶች ነው። የመንግሥት በዓል ሲሆን ደግሞ የሞንታርቦው ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ከብክለት ቆጥሮ ልክ እንዲበጅለት ይላል። ልኩን እየዞረ የሚለካው ማን ነው? ወይስ ለካኙ ራሱ ጩኸቱ አደንቁሮት ይሆን?

«ይኼ ሁሉ ድሀ አገር ላይ ቅንጦት ነው» ለሚል መልስ አለኝ። ያው የ2021 ሪፖርት ስሌቱን ሠርቶታል፦ የጆሮና የመስማት ሕክምናን ለማስፋት በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ1.40 ዶላር ያነሰ ይበቃል፤ የወጣው እያንዳንዱ ዶላርም በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 16 ዶላር ይመልሳል። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ አላየሁም። የሚሰማ ተማሪ ይማራል፣ የሚሰማ ሠራተኛ ይሠራል፣ ግብርም ይከፍላል። ቅንጦቱ እንዲያውም ሰውን አስተምሮ፣ ለፍሬ አድርሶ ማዕዘን ውስጥ መጣል ነው።

ሰው በዚህ በሽታ ያበቃለታል የሚል ካለም አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው አለን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1961 ከአገሩ ሰዎች መጀመሪያ ወደ ጠፈር የወጣው ነው። ብዙም ሳይቆይ ይኸው የእኔ በሽታ ያዘውና ከበረራ ታገደ። አለቆቹ ግን «ደንቁረሃል፣ ሂድ» አላሉትም። መሬት ላይ ሌላ ሥራ ሰጡት፤ የጠፈርተኞች ኃላፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆሮውን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ1971 በአፖሎ 14 ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተራመደ። ሕክምናው እንደ እሱ ለሁሉም አይሠምርም፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ፍሬ ነገሩ ሌላ ነው። ጨረቃ ላይ ያደረሰው ቀዶ ሕክምናው ብቻ አይደለም፤ እስኪሻለው ድረስ ወንበር ያቆየለት መሥሪያ ቤት ጭምር ነው። እኔ ጨረቃ አላማረኝም። ከታክሲ ሰልፍ እስከ ቢሮዬ በሰላም መድረስ ይበቃኛል።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። በሆስፒታል፣ በቀበሌ፣ በፍርድ ቤት ተራ በቁጥር ይታይ፤ በአፍ ብቻ አይጠራ። ትእዛዝና ቀጠሮ በጽሑፍ ይሰጥ። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ጆሮው ይመርመር። የቴሌቪዥን ዜና ጽሑፍ ይኑረው። የመስሚያ መሣሪያና ባትሪ እንደ ቅንጦት ዕቃ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ይታይ። የድምፅ ልኩ አዋጁ ላይ ብቻ አይቅር። እናንተም ቤት ያላችሁት፣ አባታችሁ ወይም እናታችሁ «ምን አልክ?» ሲሉ «ተወው፣ ምንም አይደል» አትበሉ። ለእኛ እንደ እሱ የሚያም ቃል የለም። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ሳትጮኹ፣ ቀስ ብላችሁ ድገሙት። ጩኸት ድምፁን ይሰብረዋል እንጂ አያጠራውም። እናንተም ታማሚዎቹ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ «አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ» በሉ።

የአማርኛ ቃላችን ለሁለት ይከፈል ከተባለም እኔ ሐሳብ አለኝ። ጆሮው ታሞ የማይሰማው «መስማት የተሳነው» ይባል። ጤናማ ጆሮ ይዞ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሕዝብ አቤቱታ ሲነገረው ጆሮ ዳባ ልበስ ላለው ደግሞ ያንን አሮጌ ስም እንተውለት። በደንብ ይገባዋል።

ለሰሚ ጆሮ ይስጠን።